ለብስክሌተኛው ዳሩ የት ነው?

በአዲስ አበባ መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከኋላው አዘውትሮ የሚሰማው ትእዛዝ «ዳር ያዝ!» የሚል ነው። አንዳንዴ በክላክስ ይመጣል፤ አንዳንዴ ከሚኒባሱ መስኮት አንገቱን ባወጣ ረዳት ጩኸት ይመጣል። ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። ቀርፋፋው ዳሩን ቢይዝ ፈጣኑ ያልፋል፤ ሁለቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ሐሳቡ ሜትር ሲዘረጋበት አይቆምም። አብዛኛው የከተማ መንገድ መኪናና ብስክሌት በአንድ መስመር ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው በደኅና የሚተላለፉበት ስፋት የለውም። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መጋራት የሚቻለው ቦታውን ቆርሶ በመካፈል አይደለም፤ ተራ በመጠበቅ ነው። የመጠበቁም ግዴታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው ሌላውን ሊገድል የሚችል መሣሪያ በያዘው ላይ ነው።

ጥያቄው ዛሬ የሚነሣው ከተማዋ ብስክሌትን እንደ መጓጓዣ መቁጠር ስለ ጀመረች ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ዋና ዋና መንገዶች በተመረጡ እሑዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መከፈት ጀመሩ። የአዲስ አበባ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ባለው ጊዜ 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መስመር እንዲዘረጋ አቅዷል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቦሌና በሌሎች አካባቢዎች ከመኪናው የተለየ የብስክሌት መስመር አምጥቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር በሚካሄድባት ከተማ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል። ከዚሁ ጋር ግን አንድ አደገኛ አስተሳሰብ አብሮ እያደገ ነው። «እንግዲህ መስመር ተሠርቶላቸዋል፣ ከመኪና መንገድ ይውጡልን» የሚል ነው።

መስመሩ ግን ሁሉም ቤት ደጃፍ አይደርስም። የብስክሌተኛው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በኮብልስቶን ሰፈር ውስጥ ነው፤ የሥራ ቦታው መስመር ባልተዘረጋለት ሌላ ጎዳና ላይ ነው። ጉዞው በኮሪደሩ መሐል ተመችቶት በሁለቱም ጫፍ ከመኪና ጋር ይቀላቀላል። እቅዱ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ እንኳ 200 ኪሎ ሜትር ከከተማዋ መንገድ ጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ መስመሩ ባለበትም ቦታ መስቀለኛ መንገድና አደባባይ አለ፤ መስመሩ ላይ የቆመ መኪና አለ፤ ለእግረኛው የቀረው ቦታ ሲጠብ ወደ ብስክሌቱ መስመር የሚወርድ እግረኛ አለ። ብስክሌተኛው በእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች በቀን ብዙ ጊዜ ወደ አስፋልቱ መውጣቱ አይቀርም። በዓለም ላይ ለብስክሌት ብዙ ገንዘብ ያወጡ ከተሞችም ቢሆኑ መኪናና ብስክሌት የሚቀላቀሉበትን ጎዳና ጨርሰው አላጠፉም። ስለዚህ አብሮ የመንዳት ጥያቄ መስመሩ እስኪያልቅ የሚታገሡት ጊዜያዊ ችግር አይደለም፤ የከተማ ኑሮ አካል ሆኖ ይቀጥላል።

እስቲ አንዱን ቀድሞ ማለፍ በሜትር እንየው። የከተማ መንገድ አንድ መስመር ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ነው፤ ሰፊውን፣ 3.5 ሜትሩን እንውሰድ። ብስክሌተኛው ጎማውን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ 75 ሳንቲ ሜትር አርቆ ይነዳል እንበል። ይህን ያህል የሚርቀው ስለሚመቸው ብቻ አይደለም። ጠርዙ ሥር የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ አለ፤ ክዳኑ የተሰበረ ወይም ከአስፋልቱ ዝቅ ያለ ማንሆል አለ፤ ዝናብ ጠርጎ ያከማቸው አሸዋና ጠጠር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ በክረምት ደግሞ ጥልቀቱ የማይታወቅ ኩሬ አለ። ቀጭን ጎማ ፍርግርግ ውስጥ ከገባ ነጂው በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ከኋላው በሚመጣው መኪና ፊት ነው። የብስክሌት መሪ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው የነጂው ግራ እጅ ከጠርዙ 1.05 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ላይ በብዙ አገሮች ሕግ የሚጠየቀውን የ1.5 ሜትር ክፍተት እንጨምር። መኪናው ራሱ ስፖኪዮውን ጨምሮ 2 ሜትር ገደማ ይይዛል። ድምሩ ከ4.5 ሜትር በላይ ሆነ፤ መስመሩ ግን 3.5 ነው።

አሁን ደግሞ ብስክሌተኛው ትእዛዙን ቃል በቃል ይፈጽም። ፍርግርጉንም ጠጠሩንም ችሎ ከጠርዙ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ይንዳ። ድምሩ ከ4 ሜትር በታች አይወርድም፤ አሁንም ከመስመሩ በግማሽ ሜትር ይበልጣል። ከዚህ የምንረዳው ብስክሌተኛው ዳር ቢይዝም ባይይዝም በደኅና ማለፍ የሚፈልግ ሹፌር ወደ ጎረቤቱ መስመር መውጣት እንዳለበት ነው። ጎረቤቱ መስመር ባዶ ከሆነ ብስክሌተኛው መሐል ላይ ቢሆንም ማለፍ ይችላል። ባዶ ካልሆነ ደግሞ ብስክሌተኛው ጥግ ላይ ቢለጠፍም ማለፍ የለበትም። ታዲያ ዳር መያዙ ምን ለወጠ? የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሹፌሩ «በዚህች ክፍተት እሾልካለሁ» ብሎ እንዲሞክር ጋበዘው። የተገኘችው ክፍተት ግን አንድ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሹፌሩ በግራው ካለው መኪና ትንሽ ልራቅ ካለ ደግሞ ግማሹን ትሆናለች። በዚህች ግማሽ ሜትር ውስጥ ብስክሌተኛው ጉድጓድ ለመሸሽ መሪውን ትንሽ ቢያዞር ከስፖኪዮው ጋር ይጋጫል።

ይህን የሚያጠናክር፣ በከፊልም የሚያወሳስብ፣ አንድ ታዋቂ ልኬት አለ። የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢያን ዎከር ብስክሌቱ ላይ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ገጥሞ በሶልዝበሪና በብሪስቶል ከተሞች ከ2,000 በላይ መኪኖች ሲቀድሙት በምን ያህል ርቀት እንዳለፉ መዘገበ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተመ። ይበልጥ አስጠግተው ያልፉ የነበሩት አውቶቡሶችና ከባድ መኪኖች ነበሩ። በተጨማሪም ነጂው ከጠርዙ በራቀ ቁጥር መኪኖቹ ይበልጥ ተጠግተውት ማለፋቸው ታየ። ይህን ይዞ «እንግዲያው ዳር መያዝ ይሻላል» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ከዚህ የማነበው ሌላ ነገር ነው። ሹፌሮቹ መንገዳቸውን የሚመርጡት በመስመሩ ቅብ ነው፤ ብስክሌተኛው የትም ይሁን የት ያንኑ መንገዳቸውን ይዘው ያልፋሉ፤ ክፍተቱን ከሰውየው ተነሥተው አይለኩም። ስለዚህ ብስክሌተኛው ከጠርዙ ትንሽ ብቻ መራቁ አይጠቅመውም። ወይ መስመሩ ሰፊ ሆኖ በቂ ክፍተት ይኖራል፣ ወይ ደግሞ መስመሩ በሚጠብበትና መስቀለኛ መንገድ በሚቃረብበት ጊዜ በግልጽ መሐሉን ይዞ «አሁን ተራው የእኔ ነው» ማለት ይኖርበታል።

ተራ የሚለው ቃል ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያሻውም። እቁብ ገንዘቡን በየሳምንቱ ለሁሉም አያቃምስም፤ አንዱ ዛሬ ሙሉውን ይወስዳል፣ ሌላው ይጠብቃል። ጠባብ መስመርም እንደዚያው ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ በሙሉ የፊተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የተሻሻለው የብሪታንያ የመንገድ ደንብ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ብስክሌተኛው ጸጥ ባለ መንገድ፣ ትራፊኩ ቀስ በሚልበት ጊዜና ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲቃረብ የመስመሩን መሐል እንዲይዝ ይመክራል፤ ለሚቀድመው ሹፌር ደግሞ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲተው ይነግረዋል። ከዚያም በላይ ትልቅ ጉዳት ማድረስ የሚችል ተሽከርካሪ የያዘ ሰው ትልቁን ኃላፊነት እንደሚሸከም ደንቡ ይደነግጋል። በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ብስክሌተኛን ሲያልፉ ቢያንስ ሦስት ጫማ፣ ማለትም 90 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የመተው ግዴታ አለባቸው። ወገናችን እዚያ የለመደው ነገር እዚህ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሹፌሩ የሚያነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጊዜ ነው። «ሥራ አለኝ፤ ከብስክሌት ኋላ ስንፏቀቅ ልዋል?» ይላል። ስሌቱን እንሥራ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መሄድ የሚችል መኪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ ብስክሌት ኋላ 200 ሜትር ሙሉ ቢከተል ርቀቱን በ18 ሰከንድ ፈንታ በ36 ሰከንድ ይጨርሰዋል። የጠፋው 18 ሰከንድ ነው። በአንድ ጉዞ አምስት ጊዜ ቢያጋጥመው አንድ ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ያም ቢሆን በእርግጥ የሚጠፋው መንገዱ ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን የመኪናው ፍጥነት የሚወሰነው ከፊቱ ባለው የመኪና ሰልፍና በትራፊክ መብራቱ ነው። ተጣድፎ የቀደመው ሹፌር መብራቱ ላይ ሲቆም ብስክሌተኛው ደርሶ ከጎኑ ይቆማል፤ አረንጓዴ ሲበራ ደግሞ ያው መቅደም ያው አደጋ ከሥር ይጀመራል። መንገድ የሚዘጋው በዋናነት ሌላው መኪና ነው። የአሜሪካ የከተማ ትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር በመንገድ ንድፍ መመሪያው እንዳሰፈረው መኪናዎች የሚበዙበት አንድ መስመር በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል፤ ያንኑ ያህል ስፋት ያለው በሁለት አቅጣጫ የሚሠራ የተከለለ የብስክሌት መንገድ እስከ 7,500 ሰው ማሳለፍ ይችላል። እያንዳንዱ ብስክሌተኛ መኪና ይዞ ቢወጣ ከሹፌሩ ፊት የሚቆመው ሰልፍ በዚያው ልክ ይረዝም ነበር።

ከ18 ሰከንዱ ወዲያ ያለውን ኪሳራ ማስላት ያለብን በሰው አካል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ ድረስ መኪናው ያን ያህል ሄዷል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ከ8 ሜትር ብዙም አይበልጥም። የግጭቱ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። ከ30 ወደ 50 መውጣት ጉልበቱን ወደ ሦስት እጥፍ ያስጠጋዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ አስታውቋል፤ ከእነዚህ 23 በመቶው እግረኞች፣ 6 በመቶው ብስክሌተኞች ናቸው። ቀበቶም ኤርባግም የላቸውም፤ በእነሱና በብረቱ መካከል ያለው ልብሳቸው ብቻ ነው። ሄልሲንኪ ከግማሽ በላይ የሆኑ ጎዳናዎቿን በ30 ኪሎ ሜትር ወስናለች፤ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2025 በነበሩት 12 ወራት በከተማዋ አንድም ሰው በትራፊክ አደጋ አልሞተም። ስፔንም እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ባላቸው የከተማ መንገዶች ሁሉ ላይ ያንኑ ወሰን በሕግ አጽንታለች።

ሹፌሩን ክፉ ሰው አድርጎ መሣል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አብዛኛው የሚኒባስ ሹፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም። ለባለቤቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት፤ ነዳጁን ሸፍኖ፣ ለረዳቱ ከፍሎ፣ የተረፈችውን ይዞ ቤቱ ይገባል። አንድ ምልልስ የቀነሰ ቀን የልጆቹ ምሳ ይቀንሳል። የዚህ ሰው ጥድፊያ ከጠባይ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ኑሮውም ያጣድፈዋል። ይሁን እንጂ የጥድፊያው ዋጋ በሌላ ሰው አካል እንዲከፈል መፍቀድ አይቻልም። ደግሞም ኑሮ ሁሉንም አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአውስትራሊያ 442 ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት ብስክሌት ከማይነዱት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብስክሌተኞችን ከሙሉ ሰው በታች አድርገው ደረጃ ሰጥተዋቸዋል። እንዲህ የሚያስቡት ሰዎች ሆን ብሎ እንደ መጠጋትና መንገድ እንደ መዝጋት ያለ ድርጊት መፈጸማቸውን ራሳቸው የማመን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። መኪና ውስጥ ሆኖ ሲታይ ብስክሌተኛው ፊት የለውም፤ ጀርባ ብቻ ነው፤ መንገድ የዘጋ ዕቃ ይመስላል። እኛ ዘንድ ይህ ስሜት በንቀት ይባባሳል። ብስክሌት ድሃ የሚነዳው ነው፣ መኪና ደግሞ ኑሮው የተሳካለት ሰው የሚነዳው ነው የሚል አመለካከት ስላለ ክላክሱ ውስጥ ትዕግሥት ማጣት ብቻ ሳይሆን «አንተ ማን ነህና» የሚል ድምፅም አለበት። ይህ ያሳዝናል፤ ሊታረምም ይገባል።

«እነሱስ መቼ ሕግ ያከብራሉ?» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለበት። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ፣ ቀይ መብራት የሚጥስ፣ ማታ ያለ መብራት የሚሄድ፣ እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ አረጋውያንን የሚያስደነግጥ ብስክሌተኛ አለ። በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት በተለይ ከጥፋት ሁሉ የከፋ ነው፤ ከጎን መንገድ የሚወጣ ሹፌር ወደዚያ አቅጣጫ አይመለከትም፤ የሁለቱ ፍጥነትም ይደመራል። ለዚህ ቅጣት ቢኖር አልቃወምም። ነገር ግን ከዴንማርክ የመንገድ ባለሥልጣን የተገኘ ቆጠራ ምክንያቱን የት መፈለግ እንዳለብን ያሳያል። የብስክሌት መስመር ባለባቸው መስቀለኛ መንገዶች ሕግ የጣሱት ብስክሌተኞች ከ5 በመቶ በታች ነበሩ፤ መስመር በሌለባቸው ቦታዎች ግን ወደ 14 በመቶ ከፍ ብሏል። ሰው የተሠራለትን መንገድ ያከብራል፤ ያልተሠራለት ቦታ ላይ ደግሞ ነፍሱን የሚያድንበትን ይፈልጋል። ሚዛኑንም መርሳት የለብንም። ሕግ የጣሰ ብስክሌተኛ በአብዛኛው አደጋ ላይ የሚጥለው ራሱን ነው፤ ሕግ የጣሰ ሹፌር አደጋ ላይ የሚጥለው ሌላውን ነው። ደግሞም አንዱ ብስክሌተኛ ትናንት ቀይ መብራት ስለ ጣሰ ዛሬ ሌላኛውን ብስክሌተኛ አስጠግቶ ማለፍ ፍርድ አይሆንም።

«ግብር አይከፍሉም» የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው መንገድ የሚጎዳው በጭነቱ አራተኛ ኃይል መጠን ነው። ከነጂው ጋር 100 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌትና 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሲነጻጸሩ የመኪናው ጉዳት ወደ 50,000 እጥፍ ይሆናል። ብስክሌተኛው ለማያፈርሰው መንገድ ነው ከሌላው ዜጋ ጋር ግብር የሚከፍለው።

ኃላፊነቱ በትልቁ ላይ ይሁን የሚለውን መርህ ከውጭ የተቀዳ አድርጎ የሚያየው ሰው የራሳችንን ሕግ ቢያነብ ይገረማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ የባለቤቱ ጥፋት መረጋገጥ አይጠበቅበትም፤ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ አይድንም። ተጎጂው ራሱ ጥፋተኛ ከሆነ ግን ሕጉ ይህን ከግምት ያስገባል። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ አደገኛ መሣሪያ ሕዝብ መሐል ያስገባ ሰው የአደጋውን ዕዳ ይሸከም። ኔዘርላንድስ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፋለች፤ ብስክሌተኛው ቢያጠፋ እንኳ ሹፌሩ በተለምዶ ቢያንስ የጉዳቱን ግማሽ ይከፍላል፤ ተጎጂው ከ14 ዓመት በታች ከሆነ ሙሉውን። ስለዚህ መሠረቱ እኛም ዘንድ አለ። የጎደለው ከጉዳቱ በፊት የሚሠራው ክፍል ነው፤ ሹፌሩ ሲቀድም ስንት ሜትር መተው እንዳለበት በቁጥር የሚናገር፣ ትራፊክ ፖሊስም ሊያስፈጽመው የሚችል ግልጽ ደንብ።

«አዲስ አበባ ዳገት ናት፤ ብስክሌትም ባህላችን አይደለም» የሚሉም አሉ። ቦጎታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በላይ ተቀምጣ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የብስክሌት መንገድ ዘርግታለች። ከራሳችን ደግሞ ባሕር ዳርንና ሐዋሳን ማየት ይበቃል፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይንቀሳቀሳል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቿ ጋር የላከችው ብስክሌተኞቿን ነበር። ኔዘርላንድስም ከጥንት ጀምሮ የዛሬዋ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገዶቿ ላይ ሞተዋል፤ ከእነሱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በመኪና ያጣ ጋዜጠኛ የጻፈው ጽሑፍና እናቶችና አባቶች ያነሡት የአደባባይ ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ታግዘው የአገሪቱን የመንገድ ፖሊሲ ቀየሩ። ባህሉ የመጣው ከመንገዱ በኋላ ነው። ብስክሌተኛ ሲበዛም አደጋው በዚያው ልክ አይበዛም። ፒተር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት የነጂዎች ቁጥር እጥፍ ሲሆን የእያንዳንዱ የመጎዳት ዕድል በሢሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰውም ሹፌሮች ብስክሌተኛን አዘውትረው ሲያዩ አነዳዳቸውን ማስተካከላቸውን ነው።

ሁለት ቦታዎች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንደኛው ቀኝ መታጠፊያ ነው። የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ የከባድ መኪና ሹፌር በቀኝ ጎኑ የሚመጣን ብስክሌት በቀላሉ አያይም፤ ፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ ያለውም ሰው ከመስታወቱ በታች ይሰወርበታል። ብስክሌተኛው «ዳር ያዝ» የተባለውን ሰምቶ በዚያ ጎን ሲገባ፣ ገልባጩም ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ጠርዙና የኋላ ጎማው መሐል ይቀራል። ለንደን ይህን አይታ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከ12 ቶን በላይ የሚመዝኑ መኪኖች ሹፌራቸው በቀጥታ በዓይኑ ምን ያህል እንደሚያይ ተለክቶ ካላለፉ ወይም ተጨማሪ ካሜራና ማስጠንቀቂያ ካልገጠሙ እንዳይገቡ ከልክላለች። ሁለተኛው የመኪና በር ነው። መስመሩ አጠገብ የቆመ መኪና ድንገት በሩ ሲከፈት ለሚመጣው ብስክሌተኛ ስለት ይሆናል። መድኃኒቱ ምንም አያስወጣም፦ ሹፌሩ በሩን በግራ እጁ ፈንታ በቀኝ እጁ ይክፈተው። እጁ ሲሻገር ትከሻው ይዞራል፤ ትከሻው ሲዞር ዓይኑ ወደ ኋላ ያያል። በቀኝ የተቀመጠው ተሳፋሪ ደግሞ በግራ እጁ ይክፈት። የብሪታንያ ደንብ ይህንንም አካቶታል።

ጉዳዩ አስቸኳይ የሚሆንበት ሌላ ምክንያትም አለ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስታግድ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ በፍጥነት መብዛት ጀመረ። ለአየሩ መልካም ነው። ነገር ግን ብስክሌተኛው እስከ ዛሬ ከኋላው ያለውን የሚያውቀው በጆሮው ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ ሲነሣ ደግሞ ፍጥነቱ ድንገተኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ እንዲህ ያሉ አዳዲስ መኪኖች በሙሉ በዝቅተኛ ፍጥነት ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ወደ እኛ የሚገቡት መኪኖችም በዚህ ቢፈተሹ ተገቢ ነው። ሹፌር ማሠልጠኛዎች ደግሞ እስከዚያው የሚጀምሩት ሥራ አለ። ሜዳ ላይ የ3.5 ሜትር መስመር በኖራ ይሰመር፤ ከጠርዙ 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ብስክሌት ይቁም፤ ሠልጣኙ 1.5 ሜትር ትቶ እንዲያልፍ ይታዘዝ። መኪናው ከመስመሩ ሲወጣ በዓይኑ ያያል። ቀጥሎ ሠልጣኙ በብስክሌቱ ቦታ ይቁም፤ አሠልጣኙ መኪናውን ከትከሻው ግማሽ ሜትር አስጠግቶ በዝግታ ያሳልፈው። ፈተናውም ይህን ይጠይቅ፤ ያላለፈ መንጃ ፈቃድ አይውሰድ።